ሰው ተገድዶ ድምፅ ሲሰጥ የውሳኔው ጥራት ምን ይሆናል?

ብራና (ጥያቄ)

የግዴታ ድምፅ አሰጣጥን በተመለከተ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ በሁለት ጉዳዮች ዙሪያ ያጠነጥናል። አንዱ ዜጋን ወደ ምርጫ ጣቢያ እንዲሄድ ማስገደድ ከነፃነት ጋር ይጣጣማል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሌላው የተሳታፊውን ቁጥር ምን ያህል ከፍ ያደርጋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ከሞላ ጎደል መልስ ያገኘ ይመስለኛል። አውስትራሊያ በ1922 ባካሄደችው የፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሰጡት ከተመዘገቡት መራጮች ከ60 በመቶ ያነሱ ነበሩ፤ ግዴታው በ1924 ተደንግጎ በ1925 ምርጫ ሲካሄድ ግን ቁጥሩ ከ91 በመቶ አለፈ። በተቃራኒው ኔዘርላንድስ በ1970 ግዴታውን ስታነሣ፣ በ1967 ወደ 95 በመቶ ይጠጋ የነበረው ተሳትፎ በ1971 ወደ 79 በመቶ ወረደ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ቅጣት ያለበት ግዴታ ሰውን ከቤቱ እንደሚያወጣ አያከራክርም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቅጣቱ ባይኖር ኖሮ ከቤቱ የማይወጣ ሰው፣ ማለትም የፓርቲዎቹን መርሐ ግብር ያልተከታተለ፣ ዕጩዎቹን በስም እንኳ የማይለይ፣ ምናልባትም ፖለቲካ የሚባለው ነገር ሁሉ የሚያንገሸግሸው ሰው፣ ወረቀቱ እጁ ሲገባ ምን ያደርጋል? አንዳንዶች እንዲህ ያለው ሰው ለግብር ይውጣ ምልክት አድርጎ ስለሚወጣ፣ አስበውና ተዘጋጅተው የመጡትን ሰዎች ድምፅ ያረክሳል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ግዴታው ራሱ ሰውን እንዲያነብና እንዲጠይቅ ስለሚገፋፋው፣ ውሎ አድሮ የመራጩ ሁሉ ዕውቀት ከፍ ይላል ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱንም ወገኖች በየተራ ሳዳምጥ ሁለቱም ያሳምኑኛል፤ ይህም በራሱ ያጠራጥረኛል።

በዚህ ላይ «የውሳኔ ጥራት» የሚባለው ነገር በምን እንደሚለካ ግልጽ አይደለም። ትክክለኛው ፓርቲ ይህ ነበር ብሎ የሚፈርድ ዳኛ የለም። ብዙ ጊዜ እንደማየው «መራጩ ተሳሳተ» የሚባለው ተናጋሪው የደገፈው ወገን ሲሸነፍ ብቻ ነው። ከቻላችሁ በአገሮች ተሞክሮና በተደረጉ ጥናቶች ላይ ተመሥርታችሁ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።

ሚዛን

ከመለኪያው ብጀምር ይሻላል፤ ምክንያቱም ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ተመራማሪዎች የተሻለው ፓርቲ የትኛው እንደሆነ ሳይፈርዱ የአንድን ሰው ድምፅ ጥራት የሚመዝኑበት አንድ መንገድ አላቸው። መራጩን በቅድሚያ ስለ ግብር፣ ስለ ስደት፣ ስለ ጤና አገልግሎትና ስለመሳሰሉት ጉዳዮች አቋሙን ይጠይቁታል፤ ቀጥሎም ፓርቲዎቹ በእነዚሁ ጉዳዮች ላይ የቆሙበትን ቦታ ይመዘግባሉ፤ በመጨረሻም ሰውየው ድምፁን የሰጠው ከራሱ አቋም ጋር ለሚቀራረበው ፓርቲ ነው ወይስ አይደለም ብለው ያነጻጽራሉ። በዚህ አካሄድ ግራ ዘመም ሰው ለግራ፣ ቀኝ ዘመም ሰው ለቀኝ ቢመርጥ ሁለቱም እኩል ጥሩ መራጮች ናቸው። ደካማ የሚባለው የሚፈልገው ሌላ፣ የመረጠው ሌላ የሆነው ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ቤልጂየም ምቹ አገር ናት። ግዴታው ከ1893 ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ በምርጫ ሰሞን በሚደረጉ መጠይቆች ላይ «ግዴታው ባይኖር ኖሮ ድምፅ ለመስጠት ይሄዱ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ስለዚህ በፈቃደኝነት የሚሄደውንና በግድ የሚሄደውን ሰው በአንድ ምርጫ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል። በ2009 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ይህንኑ አድርጎ ያገኘው ውጤት ለግዴታው ደጋፊዎች የሚያስደስት አይደለም፤ ግዴታው ባይኖር የማይሄዱት ሰዎች ለፖለቲካ ያላቸው ፍላጎትና ዕውቀት ያነሰ ከመሆኑም በላይ፣ የሰጡት ድምፅ ከራሳቸው አቋም ጋር ያለው ግንኙነት የላላ ነበር። በኋላም የበርካታ አገሮችን መጠይቆች አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። ስለዚህ በግለሰብ ደረጃ ብቻ ከተመለከትነው የተቺዎቹ ወገን ውሃ የሚያነሣ ክርክር አለው ማለት ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «የምርጫው ውጤት ተበላሸ» ወደሚል ድምዳሜ መዝለል ትልቅ ስሕተት ነው። የአንዱ ሰው ድምፅ የላላ መሆኑ አንድ ጉዳይ ነው፤ የላሉት ድምፆች ተደምረው ውጤቱን ወዴት ይወስዱታል የሚለው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ለሒሳብ ሰዎች ልተወው።

ስሌት

ሚዛን የተዉልኝን ልቀጥል። ኮንዶርሴ የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ በ1785 ያሳየው ነገር እስካሁን የዚህ ክርክር መሠረት ነው። ከሁለት አማራጮች አንዱ የተሻለ ቢሆንና እያንዳንዱ መራጭ የተሻለውን የማግኘት ዕድሉ ከግማሽ በጥቂቱም ቢሆን ቢበልጥ፣ የመራጮቹ ቁጥር በጨመረ መጠን ብዙኃኑ ትክክል የመሆናቸው ዕድል ወደ እርግጠኝነት ይጠጋል። ዕድሉ ከግማሽ ካነሰ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዛቱ ስሕተቱን ያጠናክረዋል። ብዙዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ይጠቅሱና ሁለተኛውን ይዘነጉታል።

በቁጥር እንየው። አንድ ሚሊዮን ሰዎች አስበው ድምፅ ሰጡ እንበል፤ 510 ሺሁ ለአንደኛው ዕጩ፣ 490 ሺሁ ለሁለተኛው። ልዩነቱ 20 ሺህ ነው። አሁን ግዴታው ሌሎች 400 ሺህ ሰዎችን አመጣና እነዚህ ሰዎች ምንም ሳያውቁ ሳንቲም እንደመጣል አድርገው መረጡ እንበል። ከእነርሱ መካከል ግማሽ ያህሉ ወደ አንዱ፣ ግማሽ ያህሉ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። በአጋጣሚ የሚፈጠረው ልዩነት በተለምዶ በመቶዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ 2 ሺህ የመድረሱ ዕድል እንኳ ከመቶ አንድ በታች ነው። ስለዚህ 400 ሺህ ፍጹም አላዋቂዎች ተጨምረውም የመጀመሪያው ዕጩ ያሸንፋል። የአሸናፊው በመቶኛ ይቀንሳል እንጂ አሸናፊው አይቀየርም።

ችግሩ የሚመጣው አላዋቂዎቹ ሳንቲም የማይጥሉ ከሆነ ነው። እነዚያው 400 ሺህ ሰዎች በሆነ ከንቱ ምክንያት፣ ለምሳሌ ስሙ በወረቀቱ አናት ላይ ስለሆነ ብቻ፣ 53 በመቶ ለሁለተኛው ዕጩ፣ 47 በመቶ ለመጀመሪያው ቢሰጡ፣ 24 ሺህ ድምፅ ልዩነት ይፈጥራሉ። የአዋቂዎቹ 20 ሺህ ልዩነት ተውጦ ሁለተኛው ዕጩ በ4 ሺህ ድምፅ ያሸንፋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ያልተዘጋጁ ሰዎች ስንት ናቸው?» ሳይሆን «ስሕተታቸው ይበታተናል ወይስ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል?» የሚለው ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ ለታችኛው ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ መራጩ በእያንዳንዱ ዕጩ ስም አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ መጨረሻው ቁጥር መጻፍ ይጠበቅበታል፤ ከአንድ በላይ ሣጥን ባዶ ቢተው ድምፁ ዋጋ አልባ ይሆናል። ስምንት ዕጩዎች ቢኖሩና መራጩ አንዱን ብቻ ቢያውቅ፣ ለዚያ ሰው 1 ይሰጥና ቀሪዎቹን ከላይ ወደ ታች በተርታ ይሞላቸዋል። አንዱንም የማያውቀው ደግሞ ከአናት ጀምሮ እስከ ግርጌ በቅደም ተከተል ቁጥሩን ደርድሮ ይወጣል። አውስትራሊያውያን ይህን «የአህያ ድምፅ» ይሉታል። ከላይ መሰለፍ ለአንድ ዕጩ የሚያስገኘው ጥቅም ወደ 1 በመቶ ነጥብ እንደሚጠጋ ተጠንቷል፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በጠባብ ልዩነት የሚወሰኑ ወንበሮች አሉ።

ፓርቲዎችም ይህን አልሳቱትም። የስሞቹ ቅደም ተከተል በፊደል ተራ በነበረበት ዘመን፣ በ1937 የሴኔት ምርጫ የሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲ በኒው ሳውዝ ዌልስ ያቀረባቸው አራቱም ዕጩዎች ስማቸው በ«ኤ» የሚጀምር ነበር፤ አሙር፣ አርምስትሮንግ፣ አርተርና አሽሊ። አራቱም ተመረጡ። (በፊደል ተራ ሰው የሚያሰልፍ ሕግ አውጥቶ እንዲህ ያለ ብልጠት አይመጣም ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።) ከዚያ በኋላ ለሴኔት፣ ከ1984 ጀምሮም ለታችኛው ምክር ቤት ቅደም ተከተሉ በዕጣ እንዲሆን ተደርጓል። ይሁንና በዕጣ ማውጣት ጥቅሙን ለዕድለኛው ያስተላልፈዋል እንጂ አያጠፋውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ የአውስትራሊያዋ ግዛት የታስማኒያ ነው ባይ ነኝ። እዚያ ከ1980 ገደማ ጀምሮ ወረቀቱ ሲታተም የስሞቹ ቅደም ተከተል ከቅጂ ቅጂ ይለዋወጣል፤ በአንዱ ወረቀት ላይ አናት ላይ ያለው ዕጩ በሌላው ላይ መሐል ወይም ግርጌ ላይ ይገኛል። የአህያው ድምፅ አሁንም ይሰጣል፣ ነገር ግን ለዕጩዎቹ በእኩል ይከፋፈልና ውጤቱን ሳይነካ ያልፋል። የመራጩን ዕውቀት በአንዲት ነጥብ ሳይጨምሩ የውጤቱን ጥራት ማሻሻል ይቻላል ማለት ነው።

ሐመልማል

የእናንተን መልስ ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ሁለታችሁም ከቤት የሚቀረው ሰው ሁሉ የዕውቀት እጥረት ያለበት እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የተነሣችሁት። ከምርጫ የሚቀሩት ሰዎች ከሕዝቡ መካከል በዕጣ የተወሰዱ አይደሉም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ፣ ትምህርታቸው የተቋረጠ፣ ወጣቶችና የመኖሪያ ቦታቸውን ቶሎ ቶሎ የሚቀይሩ ሰዎች ይበዙባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ተገድደው ሲመጡ ውጤቱ ቢያጋድል፣ ያጋደለው በስሕተት ነው ወይስ የራሳቸው ጥቅም ስላላቸው? ስሌት «ከንቱ ምክንያት» ያሉት አንዳንዴ ሌሎቻችን ያላየነው እውነተኛ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የስዊዘርላንዱን የቮ ካንቶን (ክፍለ ሀገር) እንውሰድ። ከ1920ዎቹ እስከ 1948 ድረስ በሕዝበ ውሳኔዎች ላይ ድምፅ መስጠት በቅጣት የተደገፈ ግዴታ ነበር። የዚያን ዘመን ውጤት ከሌሎች ካንቶኖች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ ግዴታው ግራ ዘመም ለሆኑ የውሳኔ ሐሳቦች የሚሰጠውን ድጋፍ እስከ 20 በመቶ ነጥብ ከፍ እንዳደረገው አሳይተዋል። የአውስትራሊያ ግዛቶች ግዴታውን በተለያየ ጊዜ በማስገባታቸው (ኩዊንስላንድ በ1915 ስትጀምር ደቡብ አውስትራሊያ እስከ 1942 ቆይታለች) የሌበር ፓርቲ ድርሻ በግዴታው ምክንያት ከ7 እስከ 10 በመቶ ነጥብ እንደጨመረ ለማስላት ተችሏል። ይህ የአላዋቂ ጫጫታ አይመስልም፤ በፊት ድምፁ ያልተሰማ የኅብረተሰብ ክፍል ሲሰማ የሚፈጠር ለውጥ ነው። ቀድሞ የነበረው ውጤት «የተሻለ ጥራት» ነበረው የሚል ካለ፣ ለማን የተሻለ እንደነበር ይንገረኝ።

በሐቅ ለመናገር ያህል ከዚህ ጋር የማይስማማ ማስረጃም አለ። በኦስትሪያ ለፓርላማ ምርጫ እስከ 1992 ድረስ በአንዳንድ ክፍለ አገሮች ብቻ ግዴታው ይሠራ ነበር፤ እዚያ የተደረገው ጥናት ተሳትፎው ወደ 10 በመቶ ነጥብ እንደጨመረ፣ ነገር ግን የምርጫው ውጤትም ሆነ የመንግሥት ወጪ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ እንዳላሳየ አግኝቷል። ይህኛው ለስሌት የሳንቲም ምሳሌ የሚቀርብ ነው።

የእኔን ሐሳብ በይበልጥ የሚያሳየው ግን የቺሊ ጉዳይ ነው። አገሪቱ በ2012 ድምፅ መስጠትን ከግዴታ ወደ ፈቃድ ቀየረች። በ2020 አዲስ ሕገ መንግሥት ይጻፍ ወይ ተብሎ በፈቃደኝነት ሲጠየቅ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ወጥቶ 78 በመቶው «ይጻፍ» አለ። በ2021 ጽሑፉን የሚያዘጋጁት ተወካዮች ሲመረጡ የወጣው ከግማሽ በታች ነበር። እነዚህ ተወካዮች ሥራውን የያዙት ሕዝቡ ሁሉ ከኋላቸው እንዳለ ሆነው ነው። በመስከረም 2022 ረቂቁ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ ግን ድምፅ መስጠት ግዴታ ሆነ፤ ወደ 86 በመቶ የሚጠጋ መራጭ ወጣ፤ 62 በመቶው «አልቀበልም» አለ።

ወዲያው «ያልተማረው ሕዝብ ተታለለ» የሚሉ ድምፆች ተሰሙ። ቀጣዩን ግን ተመልከቱ። በ2023 ቀኝ ዘመሞች የበላይነት የያዙበት ሌላ ምክር ቤት ሌላ ረቂቅ አዘጋጀ፤ ያም በታኅሣሥ ወር በግዴታ ድምፅ ቀርቦ 56 በመቶ ገደማ በሚሆነው ሕዝብ ውድቅ ተደረገ። ተገድዶ የወጣው መራጭ የግራውንም የቀኙንም ጽንፍ መልሷል። እኔ በዚህ ውስጥ ዐይኑን ጨፍኖ ምልክት ያደረገ ሰው አይታየኝም። የሚታየኝ በፈቃደኝነት የሚወጡት ግማሾቹ ምን ያህል ከቀሪው ሕዝብ የራቁ እንደነበሩ ነው።

ብራና

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐመልማል ያነሡት የቺሊ ጉዳይ አሳማኝ ነው፤ ሆኖም አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ሕዝበ ውሳኔ ስምንት ዕጩዎች ካሉበት ምርጫ ይልቅ ለመራጩ የቀለለ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ያልተመለሰልኝ አንድ ነገር አለ። ግዴታው ሰውን እንዲያውቅ ያደርገዋል የሚለው ክርክር ማስረጃ አለው? ከሌለው ደግሞ፣ ብራዚል እንደምታደርገው ግዴታው ከ18 እስከ 70 ዓመት ባሉት ማንበብና መጻፍ በሚችሉ ዜጎች ላይ ብቻ ቢወሰንና ሌሎቹ በፈቃዳቸው ቢሆኑ፣ ጥራቱንም ውክልናውንም ማስታረቅ አይቻልም?

አድማስ

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ አጭሩ መልስ፣ ማስረጃው ደካማና የተከፋፈለ ነው የሚል ነው። በካናዳ ኩቤክ በ2007 የክፍለ ሀገር ምርጫ ወቅት በተማሪዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የገንዘብ ክፍያውን ለማግኘት ድምፅ መስጠት የግድ የሆነባቸው ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ ያን ያህል የተለየ ዕውቀት አልቀሰሙም። በብራዚል 18 ዓመት በሞላቸውና ሊሞላቸው ጥቂት በቀራቸው ወጣቶች መካከል የተደረገ ንጽጽርም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፤ ግዴታው የጀመረው ወጣት ካልጀመረው የተሻለ ፖለቲካ አያውቅም። በሌላ በኩል በሳን ፍራንሲስኮ የ2011 የከተማ ምርጫ ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ድምፅ ለመስጠት ማበረታቻ የተሰጣቸው ሰዎች ስለ ምርጫው የተሻለ መረጃ ይዘው ተገኝተዋል።

በእኔ አስተያየት ልዩነቱ የሚያስገርም አይደለም። ቅጣቱ የሚቀጣው መቅረትን እንጂ አለማወቅን አይደለም። በአውስትራሊያ በቂ ምክንያት ሳይኖረው የቀረ ሰው 20 የአገሪቱን ዶላር ይከፍላል፤ በቦሊቪያ ድምፅ መስጠቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት የሌለው ሰው ለ90 ቀናት የባንክ አገልግሎት ያጣል። ሁለቱም የሚጠይቁት ሰውየው እንዲመጣ ብቻ ነው። ከመጣ በኋላ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ መርሐ ግብር ያነበበውና ምንም ያላነበበው እኩል ከቅጣት ይድናሉ። እንግዲህ የሚያነበው ለመማር ቅርብ የነበረው ሰው ብቻ ይሆናል፤ ጋዜጣ ቤቱ የሚገባለት፣ የሚጠይቀው ወዳጅ ያለው፣ ትንሽ ሲገፋ የሚነሣ ሰው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ሌላ ነገር አስታወሰኝ፤ ብራዚልን ያነሡት በጥሩ ጊዜ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችለውን ከግዴታው ነፃ ማድረግ አስተዋይነት ይመስላል። ይሁን እንጂ የብራዚል ታሪክ የሚያስተምረው አላዋቂነት የምንለው ነገር ምን ያህሉ የወረቀቱ ጥፋት እንደሆነ ነው። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ የብራዚል መራጭ ለምክር ቤት የሚመርጠውን ዕጩ ስም ወይም ቁጥር በባዶ መስመር ላይ በእጁ ይጽፍ ነበር። እጁ ያልፈታ ሰው ፊደል ይገድፋል፣ ቁጥር ያዛውራል፣ የአገረ ገዢውን በምክር ቤት አባል ቦታ ያስገባል፤ ቆጣሪው ያን ወረቀት ያነሣና ዋጋ አልባ ብሎ ያስቀምጠዋል። ግዴታውን አክብሮ፣ ተሰልፎ፣ የሚፈልገውን ዐውቆ የሄደ ሰው ድምፁ ከቆጠራው ውጭ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ማሽን መጣ። መራጩ የዕጩውን ቁጥር እንደ ስልክ ባሉ ቁልፎች ይነካል፤ የዕጩው ፎቶግራፍ መስኮቱ ላይ ይወጣል፤ እርሱ ከሆነ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭኖ ያጸድቃል፤ ካልሆነ ብርቱካናማውን ተጭኖ ያርማል፤ ማንንም ካልፈለገ ነጩን ተጭኖ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በ1998 ምርጫ ከ40,500 በላይ የተመዘገቡ መራጮች ያሏቸው ከተሞች በማሽኑ ሲመርጡ ከዚያ በታች የሆኑት በወረቀት ቀጠሉ። ከዚህ ወሰን በላይና በታች ያሉትን ከተሞች ያነጻጸረው ጥናት፣ በማሽኑ ምክንያት የሚቆጠሩት ድምፆች ከ10 በመቶ ነጥብ በላይ እንደጨመሩ አሳይቷል። ጭማሪው የበዛው ትምህርት በቀነሰባቸው አካባቢዎች ነው። በቀጣዮቹ ዓመታትም ክልሎች ለጤና የሚመድቡት ገንዘብ ከፍ ብሎ፣ ያልተማሩ እናቶች የእርግዝና ክትትል ተሻሽሎ ተገኝቷል።

እንግዲህ ግዴታው ከማሽኑ በፊትም በኋላም አንድ ነበር። የሰዎቹ ትምህርትም በአንድ ሌሊት አልተለወጠም። የተለወጠው ሐሳባቸውን ያለ ስሕተት የሚገልጹበት መንገድ ነው። ስለዚህ ለብራና ጥያቄ የእኔ መልስ፣ ሰዎችን ከግዴታው ከማውጣት በፊት ወረቀቱን እናስተካክል የሚል ነው።

ሌላም አለ። ጠባብ ዕውቀት ያለው ሰው ከመምረጥ መቆጠቡ አንዳንዴ ብልህነት ነው፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው ይወስን ብሎ መተው ነውና። በፈቃድ በሚመረጥባቸው አገሮች ይህ ሰው ቤቱ ይቀራል። በግዴታ ሲሆን ያን ቦታ የሚይዝለት ባዶ ድምፅ ነው። የብራዚሉ ነጭ ቁልፍ «አልወሰንኩም» ማለትን ክብር ያለው ነገር ያደርገዋል። ሁሉንም ሣጥን ሙላ የሚለው የአውስትራሊያው ወረቀት ግን ስለ ሰባቱ ዕጩዎች የማያውቀውን ሰው አንድ ነገር እንዲፈጥር ያስገድደዋል። የአህያው ድምፅ ከዚያ ነው የሚወለደው፤ ከግዴታው ይልቅ ከሣጥኖቹ።

ሐመልማል

አድማስ፣ የማሽኑን ነገር በደንብ አስቀምጠውታል። ስለ ባዶ ድምፅ ያሉትን ግን በጥርጣሬ ነው የምቀበለው። ባዶ ድምፅ ሁልጊዜ «አላውቅም» ማለት አይደለም። በአርጀንቲና በጥቅምት 2001 የምክር ቤት ምርጫ፣ ኢኮኖሚው ሲንኮታኮት፣ ከአምስት ድምፅ ከአንድ የሚበልጠው ባዶ ወይም ዋጋ አልባ ነበር፤ ያ ሕዝብ የሚፈልገውን በሚገባ ያውቅ ነበር። በቺሊም በግንቦት 2023 ሁለተኛውን ረቂቅ የሚያዘጋጀው ምክር ቤት ሲመረጥ መጠኑ ከአምስት አንድ ደርሷል።

ሚዛን

ሐመልማል ያሉት ልክ ነው፤ በፔሩ ደግሞ ከዚያም የባሰ ሆኗል። በ2021 የመጀመሪያ ዙር የፕሬዚዳንት ምርጫ ባዶና ዋጋ አልባ ድምፆች ተደምረው አንደኛ የወጣው ዕጩ ካገኘው ድምፅ በልጠዋል። ወደ ሁለተኛው ዙር ካለፉት ሁለት ዕጩዎች አሸናፊው የተለየው በ44 ሺህ ገደማ ድምፅ ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለ ጠባብ ልዩነት ላይ ስሌት ያቀረቡት ሒሳብ ቀልድ አይሆንም። የንዴቱን ባዶ ድምፅ ካለማወቁ ባዶ ድምፅ ለመለየት የሚያስችል ምልክት ወረቀቱ ላይ ስለሌለ፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ስለ መራጩ ጥራት መፍረድ አይቻልም።

እኔ በጉጉት የምመለከተው የቤልጂየምን ነው። የፍላንደርስ ክልል ለአካባቢ ምርጫ የነበረውን ግዴታ አንሥቶ በጥቅምት 2024 በፈቃድ ሲያስመርጥ፣ ቀድሞ ከ90 በመቶ በላይ የነበረው ተሳትፎ ወደ 63 በመቶ ገደማ ወርዷል። በዚያው ዕለት በዋሎኒያና በብራስልስ ግዴታው እንዳለ ነበር። ስለዚህ በአንድ አገር፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱም ሥርዓት ጎን ለጎን ሠርቷል ማለት ነው። ከፓርቲዎቹ ውጤት ብቻ ተነሥቶ መደምደም ግን አያስኬድም፤ በክልሎቹ የሚወዳደሩት ፓርቲዎች የተለያዩ ናቸው። መታየት ያለበት በፍላንደርስ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ቀደም ባሉት ምርጫዎች ላይ ድምፃቸው ከአቋማቸው ጋር የላላ የነበረው ናቸው ወይስ አቋማቸው ግልጽ ሆኖ ገቢያቸው ያነሰው የሚለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ከሆኑ የተቺዎቹ ወገን ያሸንፋል፤ ሁለተኛዎቹ ከሆኑ ደግሞ ሐመልማል። ይህን የሚነግረን የድምፅ ቆጠራው ሰነድ ሳይሆን፣ ከአንድ ምርጫ ወደ ሌላው እነዚያኑ ሰዎች እየተከታተለ የሚጠይቅ መጠይቅ ብቻ ነው።